የጋሽ ላቀው ጣውንቶች

ጋሽ ላቀው ከሞተ ሁለት ወር አልፎታል፤ እኔ የሰማሁት ባለፈው ማክሰኞ ነው። የነገረችኝ የገዛ ልጁ ናት። ካርቶን አቅፋ በር ላይ ቆማ «ዘነበች የሚባሉት እርስዎ ነዎት?» ስትለኝ፣ የሚሸጥ ነገር ያመጣች መስሎኝ «ዘነበች ሞታለች፣ እኔ ተከራይዋ ነኝ» አልኳት። ልጅቷ እዚያው እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ለካስ መርዶ ይዛ ከአዲስ አበባ ድረስ ነው የመጣችው። እንዲህ ነኝ እኔ፣ አፌ ከልቤ ይቀድማል። ጋሽ ላቀው ራሱ «አንቺን ዝም የሚያሰኝ መሣሪያ ብሠራ መንግሥት ይሸልመኝ ነበር» ይለኝ ነበር።

ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ኋላ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ሰውየውን እወቁት። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም፣ የምትጽፈው የልጅ ልጄ ናት፤ የሚያስቅ ስህተት ካገኛችሁ የሷ ነው።

ደርግ ጊዜ ነው። ቤታችን እዚሁ ሐዋሳ፣ ምሥራቅ በኩል ነበር፤ ያኔ የሰፈሩ ግማሽ ገና ቁጥቋጦ ነው። ፊት ለፊት እኛ፣ ጎን አንዲት የምትከራይ ክፍል፣ ጓሮ እንሰት። ባሌ ተክሌ የዓሣ አስጋሪዎች ማኅበር የሞተር ጀልባ ነጂ ነው። እኔ ጥጥ እፈትላለሁ፣ ለሸማኔዎቹ ክሩን ቀሰም ላይ እየጠቀለልኩ ድውሩንም አዳውራለሁ። ያችን ክፍል የተከራየው ላቀው ነበር። ከመሬት በታች ያለ ሙቅ ውሃ የሚፈልግ መሥሪያ ቤት ውስጥ ይሠራል። አርባ የሞላው፣ ረጅም፣ ትንሽ ጎበጥ ያለ ሰው ነው። ሚስቱና ልጁ አዲስ አበባ ናቸው። እርሳስ ጆሮው ላይ ሰክቶ እርሳስ ሲፈልግ ይውላል።

አንድ ጠባይ ነበረው። እያወራ የጭነት መኪና ካለፈ ያቆማል። በመኪናው ላይ አይጮህም፣ ፊቱን አያጨማድድም፤ አንገቱን ዘንበል አርጎ ይጠብቃል። መኪናው ሄዶ ሄዶ ድምፁ ሲጠፋ፣ ካቆመበት ቃል ይቀጥላል። «ዛሬ የበላሁት...» ብሎ አቁሞ፣ ሁለት መኪና አሳልፎ፣ «...ሹሮ ጨው በዝቶበታል» ይላል። ተክሌ ይኼን እያየ «ይኼ ሰውዬ ሲናዘዝም መኪና ሊያሳልፍ ነው» ይል ነበር።

ከሥራ ሲመለስ በሩን ገርበብ አርጎ፣ ፀጉር የሚያህል ቀጭን የመዳብ ሽቦ ጠርሙስ ላይ ይጠመጥማል። ጠርሙሱ የመድኃኒት ነው፣ ፕላስቲክ፣ ውስጡ የኩራዝ ነጭ ጋዝ የተሞላ። አንድ ቀን እንዝርቴን ይዤ በሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ሽቦው አንድ ቦታ ተከምሯል፣ አንድ ቦታ ሳስቷል።

«ጋሽ ላቀው፣ ድመት ገብቶብዎ ነው?» አልኩት። ያኔ ገና እርስዎ ነው የምለው።

ቀና ብሎ አየኝና አላፈረም። «ሽቦው እየተበጠሰ ነው» አለኝ።

«ሽቦው ምን ያርግ? ጣትዎ ነው እንጂ። ያምጡት።»

ተቀብዬው ተቀመጥኩ። ድውር ስታዳውሪ ክሩን አትጎትቺም፤ እሱ እንዲመጣ ነው የምትተዪው። ጎን ለጎን፣ ጎን ለጎን እያስተኛሁ አንድ ጣት የሚያህል ጠመጠምኩለት። መነጽሩን አውልቆ አጠገቡ ድረስ ተጎንብሶ አየው። ከዚያ «ስንት ዙር ነው?» አለኝ። እኔ ምን አውቄ። በማግስቱ እፍኝ ባቄላ ይዞልኝ መጣ። መቶ ዙር በሞላ ቁጥር አንድ ባቄላ ጎድጓዳ ሳህን ውስጥ እጥላለሁ። አንድ ጠርሙስ ስምንት ባቄላ ነው። ጠርሙሶቹ ሁለት ናቸው። አንዷ በቀኝ ትጠመጠማለች፣ አንዷ በግራ። ሁለት ሳምንት እንዲህ ስንሠራ ሰነበትን፤ እርስዎ ማለቴ የቱ ጋ እንደቀረ አላውቅም፣ አንተ ሆኖ ተገኘ።

ለምን አንዷ በቀኝ አንዷ በግራ እንደሆነ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። እንዲህ አለኝ። «ይኼ ዕቃ ብረት ይሰማል። ችግሩ ሌላውንም ሁሉ ይሰማል። የመብራት ሽቦው፣ የፋብሪካው ሞተር፣ ሁሉም እኔ ነኝ ይለዋል። እነሱ ግን ሩቅ ናቸው። ሩቅ ያለ ነገር ሁለቱንም ጠርሙስ እኩል ነው የሚመታው። አንዷ በቀኝ አንዷ በግራ ከሆነች፣ አንዷ ስትገፋ አንዷ ትጎትታለች፣ ጩኸቱ እዚያው ይጠፋፋል። ቅርብ ያለ ብረት ግን ለአንዷ ይቀርባል፣ ከአንዷ ይርቃል። እሱ ያስታውቃል።»

«ጣውንቶች ናቸዋ» አልኩት።

«እንዴት?»

«የሰፈሩን ወሬ ሁለቱም እኩል ይሰሙታል፣ ማንም አይገረምም። ባልየው ለአንዷ ብቻ ያንሾካሾከው ነው ቤት የሚያፈርሰው።»

ይኼ ሰው ሲስቅ ድምፅ የለውም፣ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። ከዚያን ቀን ወዲህ ጠርሙሶቹን ጣውንቶቹ አላቸው። «ጣውንቶቹን አምጪልኝ»፣ «ጣውንቶቹ ዛሬ ተስማምተዋል» ይላል። እንግዳ የሰማው እንደሆነ ክርስቲያን አይመስለውም።

ሥራቸውን ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ አርጎ አሰማኝ። ጠርሙሶቹን በረጅም ቀርከሃ ጫፍና ጫፍ ያስራቸዋል። እኔ ቀርከሃውን ትከሻዬ ላይ አርጌ እቆማለሁ። እሱ ራቅ ብሎ፣ በረጅም ሽቦ ከጠርሙሶቹ የተገናኘች የእንጨት ሳጥን ይዞ ይቀመጣል። ባትሪ ያበላቸውና ድንገት ያቋርጥባቸዋል። ያኔ ያፏጫሉ፤ ግቢው ጸጥ ካለ ያለ ማዳመጫም ይሰማል። ስስ፣ ረጅም፣ እየደከመ የሚሄድ ፉጨት። «ነጭ ጋዙ ውስጥ ያለው ነገር እንደ እንዝርትሽ ነው» አለኝ፤ «ስትለቂው ይሽከረከራል፣ ይሽከረከራል፣ ይደክመዋል። መሬት ናት የምታሽከረክረው።» ብረት በሌለበት ፉጨቱ ቀጥ ያለ ነው። ብረት ካለ እንደ ብርድ የያዘው ሰው ይንቀጠቀጣል።

የመሥሪያ ቤቱ የውጭ አገር ዕቃ መብራት ባለበት ከተማ አልሠራ ብሏቸው፣ ይኼኛው እሱ በራሱ ጊዜ ሁለት ዓመት የለፋበት ነው። አዲስ አበባ ወስዶ ለአለቆቹ ሊያሳይ ቀን ይጠብቅ ነበር። ሙከራ በጀመርን ቁጥር ግን አንድ ጥያቄ አለው፤ «ዘነበች፣ ብረት?» ይለኛል። ቁልፍ፣ መርፌ ቁልፍ፣ የፀጉር ሽቦ ሁሉ አውጥቼ «የለም ጋሼ» እላለሁ።

ግቢውን ስንዞር ጓሮ፣ እንሰቱ ጋ ስንደርስ ፉጨቱ ተንቀጠቀጠ። እኔ ከሥሩ ያለውን አውቃለሁ። አማቼ ሳይሞቱ በፊት ምንሽር ጠመንጃቸውን እዚያ ነበር የቀበሩት። መሣሪያ አስረክቡ ሲባል ግማሹ ሰፈር ያላስረከበውን ቀብሯል፤ የተገኘበት ሰው ምን እንደሚሆን ደግሞ ሁሉም ያውቃል። ጋሽ ላቀው አንገቱን ዘንበል አርጎ ትንሽ አዳመጠና፣ «እዚህ መሬቱ ጥሩ አይደለም፣ ወደ ፊት ለፊት እንሂድ» አለኝ። ሌላ ቃል የለም።

ከዚያ የመጀመሪያ ልጄን ወለድኩ። እናቴ ልታርሰኝ መጣች። በወለድኩ በሦስተኛው ሳምንት፣ ከሰዓት በኋላ የሚነሳው ነፋስ ተክሌን ሐይቁ መሀል አገኘው። ጀልባዋ ተገለበጠች፣ ሞተሩ ከማሰሪያው ወልቆ ሰመጠ፣ ተክሌ ዋኝቶ ወጣ። ጀልባዋን ማዕበሉ አሞራ ገደል የሚባለው ዳር ተፋት፤ ባዶዋን። ማኅበሩ ያለው አንድ ሞተር ነው። ተክሌ የሰመጠበትን አሳየ፣ መረብ ጣሉ፣ ጠላቂ ገባ፣ ታቹ ደለል ነው፣ ምንም የለም። የቀበሌው ሊቀመንበር «ሸጦታል። የሕዝብ ንብረት ላይ አሻጥር ነው» አለ። ባሌን ቀበሌ ውስጥ አሰሩት። አርብ ለምርመራ ወደ ላይ ይተላለፋል አሉኝ። ያን ጊዜ ወደ ላይ የሄደ ሰው ሲመለስ ብዙ አላየሁም።

ቅዳሜ ጠዋት ላቀው ክፍል ሄድኩ። ልመና አላውቅበትም፣ ሁሌ ስቀልድ ነው የኖርኩት። ዝም ብዬ በር ላይ ቆምኩ።

«ሰምቻለሁ» አለኝ። «ዕቃው ውሃ ውስጥም ይሰማል።»

«ታዲያ?»

መኪና አላለፈም፣ እሱ ግን ዝም አለ። «ውሃ ውስጥ ያለ ብረት ሲያገኝ ካዩ፣ መሬት ውስጥ ያለ ብረት ፈልግ ይሉኛል» አለኝ። ዓይኑ ወደ ጓሮ ሄዶ ተመለሰ። እኔም እንዳላየሁ፣ እሱም እንዳላየ ሆንን። «አንዴ ጣውንቶቹን ግቢ ውስጥ እንፈትሻቸው። ሰኞ ሐይቅ እንወርዳለን» አለ።

ግቢ ውስጥ ፈተሽናቸው። «ዘነበች፣ ብረት?» «የለም ጋሼ።» ባትሪውን ቆረጠ። ፉጨቱ ተንቀጠቀጠ። ቦታ ቀየርን፣ ተንቀጠቀጠ። መንገድ ዳር ወጣን፣ ያው። ከመውለዴ በፊት ቀጥ ብሎ ያፏጭ የነበረ ነገር፣ አሁን የትም ብቆም ያንቀጠቅጠዋል።

«ጠመጠማው ላልቷል ማለት ነው» አለኝ። «ሁለቱ እኩል አይደሉም።»

የኔ ጠመጠማ! ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ግን ባሌ ታስሯል፣ አልተከራከርኩም። ቅዳሜና እሁድን ሁለቱንም ፈትቼ በባቄላ እየቆጠርኩ መልሼ ጠመጠምኩ። ሰኞ ስንሞክር ያው ነው። እሱም አሰበ፣ የሳጥኗን ሽቦዎች አንድ በአንድ አየ፣ ነጭ ጋዙን ቀየረ። ማክሰኞ እንደገና ፈትቼ እንደገና ጠመጠምኩ። ጣቴ ተሰነጣጠቀ። ልጄ እያለቀሰ ነው፣ ጡት እየሰጠሁ በአንድ እጄ እጠመጥማለሁ። ረቡዕ ጠዋት ስንሞክር አሁንም ተንቀጠቀጠ። ማዳመጫውን ከጆሮው አውልቆ ሳጥኗ ላይ አስቀመጠና «አልሠራም ዘነበች። ሁለት ዓመት ተሳስቼ ነው የኖርኩት» አለኝ።

ልጄ ጮኸ። ቀርከሃውን ለእናቴ አሲዤ ሮጥኩ። ላቀው ተስፋ ቆርጦም ቢሆን እጁ አላርፍ ብሎት ባትሪውን አንድ ጊዜ ቆረጠ። ማዳመጫው ሳጥኗ ላይ ነው ያለው፣ ግን በር ላይ ሆኜ እንኳን ሰማሁት። ቀጥ ያለ ፉጨት። እንደ ክር።

እናቴን አየ። እኔን አየ። «ዘነበች፣ አንቺ ጋ ምን አለ?»

«ምንም የለም አልኩህ እኮ» ብዬ መቀነቴን ስነካ፣ ያኔ ገባኝ።

አራስ ያለ ብረት ደጅ አትወጣም። ያ ስሙ የማይጠራው ነገር እንዳይለክፋት፣ ልጇንም እንዳይነካባት። እናቴ በወለድኩ ቀን ትንሽ ካራ መቀነቴ ውስጥ ሸጉጣልኝ፣ «ለማንም እንዳትናገሪ፣ ከተነገረ ኃይሉ ይሄዳል» ብላኛለች። አርባ ቀን ሳይሞላ አላወጣውም። እሱ ብረት ሲለኝ እኔ ቁልፍና መርፌ ነው የማስበው። ካራው ለኔ ብረት አይደለም፣ የልጄ ዘብ ነው። አምስት ቀን ሙሉ ባሌን የማድንበትን ዕቃ ወገቤ ላይ በታሰረ ካራ ሳበላሽ ኖሬያለሁ። የገዛ ጠመጠማዬን ሁለት ጊዜ ፈትቻለሁ። ሰውየውን «ሁለት ዓመት ተሳስቼ ኖርኩ» ያሰኘሁት እኔ ነኝ።

ካራውን አውጥቼ መዳፌ ላይ ይዤ ቆምኩ። ይቆጣኛል ብዬ ጠበቅሁ። ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ዓይኑን በእጁ ጀርባ እየጠረገ «እኔ መብራት ኃይልን ስረግም» አለኝ።

እናቴ ግን አልሳቀችም። ካራው ከኔ ከተለየ እኔንም ልጁንም ያገኘናል ብላ ቀርከሃውን ጣለች። ያኔ እሱ እንዴት አርጎ እንዳግባባት አልረሳም። ካራውን አክብሮ በሁለት እጁ ተቀበለኝና፣ «እማማ፣ ልጁን ታቅፈው ካራውን እርስዎ ይያዙት። ጥበቃው ከልጁ አይለይም። ከኔ ዕቃ ብቻ ሠላሳ እርምጃ ይራቁልኝ» አላት። እናቴ አሰበችና እሺ አለች። የተማረ ሰው እምነቷን ሳይነቅፍ አሮጊት ሲያሳምን ያየሁት እሱን ብቻ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ሐይቅ ወረድን። በሚስማር የተሠራ ጀልባ አይሆንም። የተክሌ ጓደኛ ሌዳሞ፣ ሲዳማ ነው፣ ሚስማር የሌለባት ከደንገል የታሰረች ታንኳ ነበረችው። ላቀው ሰዓቱን፣ ቁልፉን፣ ጫማውን አወለቀ። ቀበቶውም ብረት አለበት። ሱሪው ደግሞ ሰፊ ነው፣ ካልታሰረ ይወርዳል። መቀነቴን ፈትቼ ሰጠሁት። ያ ሁሉ ዓሣ አስጋሪ እያየ፣ የመሥሪያ ቤት ሰው የአራስ መቀነት ታጥቆ ታንኳ ላይ ወጣ። አንዱ «ምጥ ይዞታል፣ ቶሎ ቅዘፍ ሌዳሞ» አለው። ሌዳሞም «እኔ አዋላጅ ነኝ፣ አትፍሩ» አለ።

ሊቀመንበሩ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች አስከትሎ ዳር ቆሟል። ላቀው ከታንኳው ላይ፣ በጨዋ አነጋገር፣ መሣሪያችሁን ይዛችሁ ወደ ዋርካው ራቁልኝ አላቸው። ሊቀመንበሩ ማን ነህና ብሎ ጮኸ፣ ሳቦታጅ፣ አሻጥር አለ፣ ሌላም ብዙ አለ። ላቀው አንገቱን ዘንበል አርጎ መኪና እንደሚያሳልፍ ጠበቀው። ሰውየው ሲደክመው «...ወደ ዋርካው» ብሎ ጨረሰ። ሄዱ።

እኔ ዳር ላይ ነኝ፣ እናቴ ልጁንና ካራውን ይዛ ከኋላ። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ረጃጅም አሞራዎች፣ እንደ ለቅሶ ሰው ተደርድረው ቆመዋል። ታንኳዋ ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ጣውንቶቹን በቀርከሃ ውሃ ውስጥ ያወርዳል፣ ያዳምጣል፣ ራሱን ይነቀንቃል። ፀሐይዋ አናት ላይ ወጣች። ነፋሱ የሚነሳበት ሰዓት ቀረበ፤ ነፋስ ከተነሳ ደንገል ታንኳ አትቆምም፣ ነገ ደግሞ አርብ ነው። ሌዳሞ ወደ ዳር ሊመልሳት ቀዘፈ። ያኔ ላቀው እጁን አነሳ።

ሌዳሞ ገመድ የታሰረበት ድንጋይ ጣለ። አብሯቸው ያለው ጠላቂ ገባ፣ ጭቃ ይዞ ወጣ። ገባ፣ አሁንም ጭቃ። ላቀው በእጁ «ትንሽ ወደዚህ» አለው። በሦስተኛው ጠላቂው የገመዱን ጫፍ ይዞ ገብቶ፣ ባዶ እጁን ወጣ። ገመዱን አስሮታል። ከማኅበሩ ስምንት ሰው በጀልባ ደርሶ ዳር ድረስ ሲጎትት ሞተሩ ሣርና ደለል ለብሶ ወጣ፤ ከመሀሉ ትንሽ አምባዛ ዘላ ተመለሰች። እኔ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

ሊቀመንበሩ ሞተሩን በእግሩ ነካ ነካ አረገው። ስለ ተክሌ አንድ ቃል አልተነፈሰም። ወደ ላቀው ዞሮ «ጓድ፣ ይኼ ነገር መሬት ውስጥም ይሰማል?» አለው።

ላቀው ሱሪው ላይ ያለውን መቀነት ይዞ፣ እኔን አላየኝም። «ይሰማል» አለ።

ማታውን ተክሌን ለቀቁት። አርብ ጠዋት ላቀው አንዷን ጠርሙስ በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ሰኞ ከአሰሳ ቡድኑ ጋር ቤት ለቤት ትዞራለህ ተብሏል። ከኛ ሰፈር ጀምረው እስከ ቱላ።

«ፍቺያትና እንደ እህቷ ወደ ቀኝ ጠምጥሚያት» አለኝ።

እኔም ገባኝ። ሁለቱም ወደ አንድ ወገን ከሆኑ አይጠፋፉም፣ ይደራረባሉ። የመብራቱ፣ የፋብሪካው፣ የከተማው ጩኸት ሁሉ እጥፍ ሆኖ ጆሮ ላይ ይወርዳል፤ ፉጨቷ የት እንዳለች አትታወቅም።

«ሁለቱን የሽቦ ጫፍ ብታቀያይረው አይበቃም?» አልኩት። ያን ያህል ተምሬያለሁ ከሱ።

«ይበቃል። ግን የጦር ሠራዊት የሬዲዮ ሰው አብሮኝ ይዞራል። የተቀያየረ ሽቦ ሳጥኗን ከፍቶ ያያል። ጠመጠማው ወዴት እንደሄደ ግን ካንቺ በቀር የሚያይ የለም።»

«ጋሼ፣ አዲስ አበባ የምታሳየውስ?»

«እንሰቱ ሥር ያለውን ከሰማሁት ቆይቷል ዘነበች። የጎረቤትሽንም ሰምቻለሁ። ጠምጥሚ።»

ጠመጠምኩ። ስምንት ባቄላ። እጄ እምቢ እያለኝ ነው፤ የሰው ሥራ ላይ አውቄ ስህተት ሠርቼ አላውቅም ነበር።

ሰኞ ዞሩ። እኔ በር ላይ ቆሜ ነው ያየሁት። የኛ ግቢ ሲገቡ ባትሪውን ቆረጠ፣ ማዳመጫውን ለሊቀመንበሩ ሰጠው። ሊቀመንበሩ ፊቱን አጨማደደ፤ ንብ ቀፎ ውስጥ ጭንቅላቱን የከተተ ይመስላል። «ይጮኻል፣ ቆፍሩ» አለ። የወጥ ቤቴን ደጅ ቆፈሩ፣ ምንም የለም። ጎረቤት ሄዱ፣ ይጮኻል፣ ቆፈሩ፣ የተሰበረ ድስት አገኙ። ቀበሌው ራሱ ጋ ሞከሩ፣ ይጮኻል። እኔ አፌ አላርፍ ብሎኝ «ጓድ ሊቀመንበር፣ የእርስዎ ግቢስ?» አልኩ። የሬዲዮው ወታደር እውነት መስሎት ወሰዳቸው። እዚያማ መብራት ሽቦው በላዩ ነው የሚያልፈው፣ ያገሳል። ወታደሩ ሳጥኗን ከፍቶ ሽቦዎቹን አየ፣ ጥፋት የለም። ሁለት ቀን ጉድጓድ ሲቆፍሩ ውለው ረቡዕ ላይ ተዉት። ሊቀመንበሩ ሰው ፊት «የሐይቁ ሞተር በዕድል ነው የተገኘው። አንተም ዕቃህም ባዶ ናችሁ» አለው። ላቀው መነጽሩን እየጠረገ «ይመስለኛል ጓድ» አለ።

ጽፈው ለመሥሪያ ቤቱ ላኩበት። የመንግሥት ጊዜና ዕቃ ያባከነ ተባለ። ለአለቆቹ የሚያሳይበት ቀን ቀረ፤ እሱንም ወደ ምዕራብ፣ ከሰው አገር ሩቅ የሆነ ጣቢያ አዛወሩት፣ ዝናብ የሚለካበት። ሊሄድ ሲል ዕቃውን እያሰረ ሳለ እኔ አላስቻለኝም። ልፍታትና መልሼ ልጠምጥማት፣ እዚያ ሄደህ ልክ አርገህ አሳያቸው፣ ስምህን መልስ አልኩት።

«ከሠራ ይመጣሉ» አለኝ።

መቀነቴን አጣጥፎ መለሰልኝ። ተክሌ እጁን ሊስም ጎንበስ ሲል ያዘውና «ሞተሩን በደንብ እሰረው» አለው። ይኸው ነው የተሰናበተን። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም።

ደርግ ሲወድቅ ተክሌ እንሰቱ ሥር ያለውን ምንሽር ቆፍሮ አወጣው። ዝጎ፣ እጃችን ላይ እንደ ብስኩት ፈረሰ። ሰውየው ሥራውን የጣለው ለዚያ ዝገት ነው። ለዝገቱም አይደል እንግዲህ።

አሁን ካርቶኑን። ልጅቷ ከፈተችው፤ ጣውንቶቹ ናቸው። አንዷን ገና ሳያት የኔ እጅ እንደሆነች አወቅኋት፣ ክሮቿ አሁንም እንደተማሪ ተሰልፈው ተኝተዋል። ሌላዋን ሳያት ግን በለቅሶ መሀል ሳቄ መጣ። እዚህ ተከምሮ፣ እዚያ ሳስቶ፣ ድመት የተጫወተበት። ወዴት እንደሚሄድ በጣቴ ተከተልኩት። ወደ ግራ።

ልጅቷ ነገረችኝ፤ ደርግ የወደቀ ዓመት አንድ ክረምት ሙሉ ምግብ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሲጠመጥማት ከረመ። እየተበጠሰበት፣ እየቀጠለ። እሷ ከፍሎ ማስጠምጠም አይሻልም ስትለው «ዘነበች ብታየው ትስቅብኛለች» ይል ነበር አሉ። ከዚያ አስፏጭቷት ለብቻው አዳመጣት። ለማንም አላሳየም። ሲታመም ነው ልጁን፣ ሐዋሳ ለዘነበች ውሰጂላት ያላት።

ልጅቷ ከሄደች በኋላ ልፈታት ተቀመጥኩ። እንዲህ ሆና ከኔ ቤት አትኖርም። ከጓዳ ባቄላ አመጣሁ። ስፈታ ቆጠርኩ፤ መቶ ሲሞላ አንድ ባቄላ። ቀኑን ሙሉ ፈጀብኝ፣ ዓይኔም እንደዱሮው አይደለም። ሲያልቅ ሳህኑ ውስጥ ያለውን ቆጠርኩት። ስምንት። አንድ ዙር አላጎደለም።

ከዚያ መልሼ ልጠመጥም ስል ትዝ አለኝ። የቤቱን ቁልፍ ከአንገቴ፣ መርፌ ቁልፉን ከነጠላዬ አወጣሁና የልጅ ልጄን ወደዚያ ክፍል ውሰጂልኝ አልኳት። ለምን ብላ ጠየቀችኝ፣ አልመለስኩላትም። ወደ ጠርሙሷ ዞሬ፣ ድምፄን ከፍ አርጌ፣ «የለም ጋሼ» አልኩ።

አሁን እውነቴን ነው።